የበርበሬው ቀይ

ባለፈው ጥር አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ዳባት ያለው የኪራይ ቤቴ በር ተንኳኳ፤ ብከፍተው ከደባርቅ ወጣ ብሎ ካለ የገጠር ደብር የመጡ አንድ ቄሰ ገበዝ በነጭ ነጠላ የተጠቀለለ ነገር እንደ ክርስትና ሕፃን ታቅፈው ቆመዋል። ወንበር ሳብኩላቸው፣ ውሃ አቀረብኩላቸው፣ እሳቸው ግን ከሁሉ በፊት ነጠላውን ፈቱ፤ ያን ጊዜ ቤቱን የሞላው ያረረ ገብስ፣ የጥላሸት፣ የከረመ ቅጠልና የፍየል ቆዳ ሽታ ነበር። መጽሐፉን በቅጡ ሳላየው አፍንጫዬ አወቀው፤ አፍንጫዬ ሲያውቀው ደግሞ ፊቴ እሳት የተጠጋሁ ያህል ጋለ። አርባ ዓመት ያለፋት፣ ለተማሪ ሁሉ «አትፍሩ፣ ተሳሳቱ» እያለች የምትሰብክ የሥዕል መምህርት በአንድ ሽታ ተመልሳ የስድስተኛ ክፍል ሌባ ሆነች።

«የአባትሽ እጅ ነው» አሉኝ ቄሰ ገበዙ፣ ገጹን በቀስታ እየገለጡ። «ጥቁሩን ተመልከችው፣ ትናንት የተጻፈ ነው የሚመስል። ቀዩ ግን ጥሎን ሄደ። አንባቢው ስሙ ላይ ሲደርስ በልማድ ነው እንጂ አይቶ አይደለም የሚያነብ። የመሪጌታ ልጅ ቀለም ታስተምራለች ቢሉን ጊዜ፣ እስቲ ስሙን መልሳ ታድምቅልን ብለን መጣን።»

እውነታቸውን ነው። በደማቁ ጥቁር ጽሑፍ መሐል፣ የአምላክና የእመቤታችን ስም ሊኖርበት በሚገባው ቦታ ሁሉ፣ የሽንኩርት ልጣጭ የመሰለ ፈዛዛ ጭረት ብቻ ቀርቷል። አንደኛው ገጽ ላይ ደግሞ ብራናው ተፍቆ ተፍቆ ከመሳሳቱ የተነሣ፣ ቄሰ ገበዙ ወደ መስኮቱ ቀና ሲያደርጉት ብርሃን አሳለፈ። እሳቸው እርጅና መስሏቸው ከንፈራቸውን መጠጡ። እኔ ግን ያ ቦታ በምን እንደሳሳ፣ በማን ምክንያት እንደሳሳ አውቅ ነበር። «እሞክራለሁ፣ አባቴ» ብዬ መጽሐፉን ተቀበልኳቸው።

አባቴ ቁም ጸሐፊ ነበሩ። ደባርቅ ላይ «መሪጌታ» ብሎ የተጣራ ሰው ብዙ ሰው ዞር ያደርጋል፣ መቃ ቀርጾ ብራና ላይ የሚጽፍ ግን በእኔ የልጅነት ዘመን እሳቸውና አንድ ዓይናቸው የደከመ ሽማግሌ ብቻ ቀርተው ነበር። ቤታችን ከገበያው በላይ ባሕር ዛፍ የከበበው ባለ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ነው። ጠዋት ጠዋት ጉሙ እስከ ደጃፋችን ይመጣል፤ እናቴ «ደግሞ መጣ ይሄ ያልጠሩት እንግዳ» ብላ በሩን ትዘጋበታለች፣ አባቴ ለጽሕፈት ብርሃን ስለሚፈልጉ መልሰው ይከፍቱታል፤ በዚህ በር ሰበብ ሃያ ዓመት ሙሉ ማንም ሳያሸንፍ ተነታረኩ። ከበሩ አጠገብ አጎዛ ላይ ተቀምጠው፣ ጉልበታቸውን ጠረጴዛ አድርገው ይጽፋሉ። በቀኛቸው በኩል ሁለት የቀለም ቀንዶች ሹላቸው መሬት ውስጥ ተተክሎ ይቆማሉ፤ አንዱ ለጥቁሩ፣ አንዱ ለቀዩ።

ጥቁሩ አይታጣም። ከድስት ቂጥ ከተፋቀ ጥላሸት፣ ካረረ ገብስና ከቅጠል ተበጥብጦ ከበሩ ኋላ በእንስራ ወራት ይከርማል፤ በከረመ ቁጥር ይጠራል፣ በከረመ ቁጥርም ይሸታል። ሽታው ልብሳችን ላይ፣ ፀጉራችን ላይ፣ የደብተሬ ልባስ ላይ ሳይቀር ያድር ነበር፤ ክፍል ውስጥ አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ በክረምት በተለይ አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ ትይዛለች፣ እኔም የማላያት መስዬ ወደ ሰሌዳው አፈጣለሁ። ቀዩ ግን ሌላ ነው። ለቀዩ ሲሉ አባቴ በዓመት አንዴ እህል የጫነ መኪና አናት ላይ ወጥተው ሊማሊሞን ቁልቁል ይወርዳሉ፣ ከዛሪማ በኩል የግራር ሙጫ፣ ከቁልቁለቱ ጥግ እሳቸው ብቻ ቦታውን የሚያውቁት ቀይ ድንጋይ ይዘው፣ በቆላው ሙቀት ጠቁረው ይመለሳሉ። ድንጋዩን ለቀናት ይፈጩታል፣ ያጠሉታል፣ እንደገና ይፈጩታል። በመስከረም የምትፈነዳ አንዲት የገደል አፋፍ አበባም ቀቅለው ይጨምሩበታል፤ ቀዩ የራሱን ሽታ የሚያገኘው ከእሷ ነው። ይህ ሁሉ ተለፍቶ የሚገኘው አንድ ቀንድ የማይሞላ ቀለም ነው፤ ቢሆንም ይበቃል፣ ምክንያቱም ቀዩ ለስም ብቻ ነው።

አባቴ ሲጽፉ የአምላክ ስም ወይም የእመቤታችን ስም ጋ ሲደርሱ ልኩን ባዶ ቦታ ትተው ያልፋሉ። መጽሐፉ በጥቁር ተጽፎ ካለቀ በኋላ ነው፣ ታጥበው፣ እህል ሳይቀምሱ፣ ማንንም ሳያነጋግሩ፣ በማለዳ ቀዩን ቀንድ ከፍተው ባዶዎቹን አንድ በአንድ የሚሞሉት። ያን ቀን እናቴ ዶሮዎቹን ሳይቀር ወደ ጎረቤት ታባርራቸው ነበር። እኔ የምለው ዓመት ላይ በእጃቸው የነበረው ለየካቲት ኪዳነ ምሕረት በዓል እንዲደርስ የታዘዘ መጽሐፍ ነው፤ አሁን እፊቴ ያለው ይኸው መጽሐፍ።

በዚያው ዓመት ነው ትምህርት ቤታችን የሥዕል መምህር ያገኘው። እስከዚያ ድረስ የሥዕል ክፍለ ጊዜ ማለት የሂሳብ መምህሩ ያላለቀለትን የሚጨርስበት፣ ካልሆነም ግቢ የምንጠርግበት ሰዓት ነበር። ቲቸር ደረጀ ከኮሌጅ የወጣ፣ ብርዱን ያልለመደ፣ ሁለት ሹራብ ደርቦ የሚለብስ ቀጭን ወጣት ነው። በመጀመሪያው ቀን አንድ ጠረጴዛ መስኮቱ ሥር አስጠግቶ ነጭ ጨርቅ አለበሰውና፣ ከየቤታችን አንዳንድ ዕቃ እንድናመጣ አዘዘ። «የምንስለው ግዑዝ ነገር ነው» አለን፤ «የማይሮጥ፣ የማያወራ፣ ሲጠሩት ‹እኔ አይደለሁም› የማይል። ከእናንተ የተሻለ ነገር ማለት ነው።»

አንዱ ቅል አመጣ፣ አንዷ ጥቁር ማሰሮ፤ ድንች ያላመጣ የለም፣ ደባርቅ ላይ ድንች አይታጣም። እኔ እናቴን አስጨንቄ አንድ ዛላ በርበሬ ተቀበልኩ፤ «ሥለሽ ስትጨርሺ መልሺው፣ የወጥ ነው» ብላ ነው የሰጠችኝ። ዕቃው ሁሉ ከተደረደረ በኋላ ማንም እንዳይነካው ተከለከለ፤ በሦስተኛው ሳምንት ድንቾቹ አበቀሉ፣ ቲቸር ደረጀ ግን አልቀየራቸውም፣ እንዲያውም ቡቃያውን ያልሣለ ልጅ ነጥብ ተቀነሰበት። በርበሬዬ ብቻ ደርቆ እንዳመጣሁት ደርቆ፣ ቀልቶ እንዳመጣሁት ቀልቶ፣ በሳህኑ ጠርዝ ላይ ጋደም እንዳለ ቆየ።

መጀመሪያ በከሰል አስጀመረን። ከምድጃችን የለቀምኩትን ከሰል በወረቀት ጠቅልዬ ስሄድ እናቴ «እሳት ልትጭሪ ነው ወይስ ልትማሪ?» ትለኝ ነበር። ቀጥሎ ከየክፍሉ የተለቀመ የባለቀለም ጠመኔ ስብርባሪ፣ ቀጥሎ ለሦስት አንድ የምንካፈለው ባለቀለም እርሳስ፣ በመጨረሻም ቲቸር ከተማሪነቱ ያቆያት፣ ክዳኗ የተጣመመ የውሃ ቀለም ቆርቆሮ መጣች። ብሩሽ ስላልነበረን የወይራ መፋቂያ አኝከን ጫፉን አበጠርንና በእሱ ቀባን፤ ጥርሳችን አረንጓዴና ሰማያዊ ሆኖ ስንሥቅ የሚያየን ሁሉ ይደነግጥ ነበር። በከሰል ክብደት፣ በጠመኔ ልስላሴ፣ በእርሳስ ትዕግሥት፣ በውሃ ቀለም ደግሞ ፍጥነት እንደሚማሩ ዛሬ ለተማሪዎቼ የምነግራቸው የራሴ ጥበብ አይደለም፤ ከሁለት ሹራብ ውስጥ ሲነገር የሰማሁት ነው።

የመጀመሪያውን ቅል ስሥል ጥላ አላደረግኩለትም። ቲቸር ጎንበስ ብሎ አየና «ትርንጎ፣ ብርሃኑ ከየት ነው የሚመጣው?» አለኝ። «ከሁሉም ቦታ ነዋ፣ ቲቸር» ብዬ መለስኩ፣ ምክንያቱም አባቴ በመጽሐፍ ራስጌ የሚሥሏቸው መላእክት ጥላ የላቸውም፤ እኔ ደግሞ ከዚያ ሌላ ሥዕል ቀርቤ አይቼ አላውቅም ነበር። ክፍሉ በሣቅ ፈነዳ። እሱ አልሣቀም፤ እጄን ይዞ ወደ ጠረጴዛው ወሰደኝና ከበርበሬው ሥር የተኛውን ጥላ አሳየኝ። «ጥቁር ነው?» አለኝ። ጥቁር ነው አልኩት። «ቆይተሽ እዪው» አለኝ። ቆሜ አየሁት፣ አየሁት፣ እግሬ እስኪደነዝዝ አየሁት፤ ጥላው ቀስ እያለ ሰማያዊ ሆነ። በሕይወቴ አንድ ነገር ሲገለጥልኝ የተሰማኝ የዚያን ቀን ነው፣ ደስታውም እስከ ቤት አሮጠኝ።

የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ሲዘጋ የተማሪዎች ሥራ ለወላጅና ከጎንደር ለሚመጣ እንግዳ እንደሚታይ፣ አንደኛ ለወጣውም ዐሥራ ሁለት ቀለማት ያሉት አዲስ የእርሳስ ካርቶን እንደሚሰጥ ተነገረን። ሥዕሌ ጥሩ ነበር። ማሰሮው በከሰል፣ ቅሉ በጠመኔ፣ ጨርቁና የበርበሬው ጥላ በውሃ ቀለም፣ ሁሉም ሆኖልኛል፤ በርበሬው ግን የለም። ልጅ ሁሉ ቀይ ይወዳልና የቆርቆሮዋ ቀይ ተፍቆ ታችዋ ብልጭ ብሏል፣ ቀዩ እርሳስም የጥፍር ያህል ቀርቷል። በብርቱካናማና በቡኒ ብሞክር ቲቸር «በርበሬሽ ታሟል፣ ጠበል ውሰጂው» ብሎ ቀለደብኝ። እኔም ስቄ ወደ ቤቴ ሄድኩ፤ እቤት ስደርስ በበሩ ሥር መሬት ላይ የተተከለውን ቀይ ቀንድ አየሁት።

አባቴ ለቅዳሴ ወጥተው ነበር፣ እናቴም ገበያ። የቀንዱን ክዳን ስነቅለው እጄ አልተንቀጠቀጠም፤ ይህን የምናገረው ሰው ሲሰርቅ ይንቀጠቀጣል ሲባል ስለምሰማ ነው። በመድኃኒት ብልቃጥ ቀነስኩና፣ የጎደለው እንዳይታወቅ ውሃ ጨመርኩበት። ለወተት ሻጭ የተለመደ ተንኮል ነው። ወደ ትምህርት ቤት ይዤው ሄጄ አንዴ ብቀባው በርበሬው ወዲያው ከሳህኑ የሚነሣ መሰለ፤ ሁለተኛ ሽፋን ያስፈልገዋል አልኩና በማግስቱ ደገምኩ፣ ሦስተኛም ሠለስኩ፣ በየጊዜው ውሃዬን እየሞላሁ። ስሞቹን አላሰብኳቸውም ብል እዋሻለሁ። አስቤያቸው ነበር፤ ትንሽ ቢቀጥን ስም ስም ነው ብዬ ነው ያለፍኩት።

አባቴ በጥቁር የሚጻፈውን የጨረሱት ከዚያ በሳምንቱ ነው። በማለዳ ታጥበው ተቀመጡ፣ በዓት እንደገባ ሰው ጸጥ አሉ፣ ብርዑን ነክረው የመጀመሪያውን ስም ጻፉ። እኔ ከውስጠኛው ክፍል መጋረጃ ኋላ ነበርኩ። ቀለሙ ብራናው ላይ አልቆም አለ፤ ሥጋ የታጠበበት ውሃ መስሎ ፈሰሰና ፊደሉን አደበዘዘው። አባቴ በቢላዋ ፋቁት፣ ጠብቀው ደግመው ጻፉ፣ ደግሞ ፈሰሰ። ሦስት ጊዜ ፍቀው ሦስት ጊዜ ጻፉ፤ ከዚያ ቢላዋውን አስቀምጠው እጃቸውን አገላብጠው አዩት፣ የእጃቸውን መዳፍ፣ የእጃቸውን ጀርባ።

«ውሃ በዝቶበት እንደሆነስ፣ መሪጌታ?» አለች እናቴ፣ በዚያ ቤት እውነቱን የተናገረችው እሷ ብቻ ነበረች።

«ውሃውን እኔ ነኝ የምለካው» አሏት። «ቀለሙ አይደለም። ስሙ ነው እምቢ ያለኝ።»

ያን ጊዜ መውጣት ነበረብኝ። መጋረጃው ከፊቴ ስንዝር ነው የሚርቀው። ገልጬ «እኔ ነኝ፣ አባዬ» ብል ምናልባት እቆነጠጥ፣ ቢበዛ በአለንጋ ሁለቴ እቀምስ ነበር፤ እሳቸው ደግሞ በእጃቸው እንዳመኑ ይኖሩ ነበር። አልወጣሁም። በዚያው ቀን አባቴ ወደ ንስሐ አባታቸው ሄዱ፤ ምን ኃጢአት ብለው እንደተናዘዙ አላውቅም፣ ያልሠሩትን ኃጢአት ፍለጋ ዕድሜያቸውን ወደ ኋላ ሲበረብሩ ግን ይታየኛል። እስከ በዓሉ በየማለዳው አርባ አንድ ስግደት ተሰጣቸው። አንድ ጉልበታቸው በብርድ የተጎዳ ነበር፤ ሲወድቁ ዝም ይላሉ፣ ሲነሡ ነው የሚያቃስቱት። እኔ በብርድ ልብሴ ውስጥ ሆኜ አብሬ እቆጥር ነበር።

ለትርኢቱ ቀን አባቴን አልጠራኋቸውም። ሽታቸውን፣ ጥምጥማቸውን፣ ቀለም የጠጣ ጣታቸውን ከእንግዳው ፊት ለማቆም አፍሬ ነው። ቲቸር ደረጀ ግን ለየወላጁ ደብዳቤ ልኮ ኖሮ፣ አባቴ የበዓል ጋቢያቸውን ለብሰው እያነከሱ መጡ። ሥዕሌ መሐል ላይ ተሰቅሏል። ከጎንደር የመጡት እንግዳ ባለ ኮት ሰው ናቸው፤ እያንዳንዱን ሥዕል እያዩ ሲያልፉ ከእኔው ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«ይህን ቀይ ከየት አገኘሽው?»

አባቴ ከኋላቸው አንድ እርምጃ ርቀት ላይ ነበሩ። ቲቸርም በጉጉት ያየኛል፣ እሱም መልሱን አያውቅም።

«ቱሪስቶች ሰጡኝ» አልኩ። «ወደ ተራራው ሲያልፉ።»

አባቴ ወደ ሥዕሉ ጠጋ አሉ። ዓይናቸው ስለደከመ መሰለኝ፤ እሳቸው ግን ጎንበስ ብለው አሸተቱት። ሰው ሁሉ፣ ገጠሬው ሽማግሌ የተሣለውን በርበሬ እውነተኛ መስሎት አሸተተው ብሎ ፈገግ አለ። አባቴ ቀና አሉ፣ ወደ እኔ አልተመለከቱም፣ «እግዚአብሔር ይስጣቸው» አሉ፤ «መልካም ቀይ ነው።» ከዚያ ለተሸላሚዋ አባት እንደሚገባ ከእንግዳው ጋር ተጨባበጡ።

ካርቶኑን ታቅፌ፣ ከኋላቸው ከኋላቸው፣ ወደ ቤት ሄድኩ። መንገድ ዳር ካለች ሱቅ ቆም ብለው ሁለት ቀይ እስክርቢቶ ገዙ። በማግስቱ ማለዳ ነቅቼ ጆሮዬን አቀናሁ፤ በደሉ የማን እንደሆነ አውቀዋልና ስግደቱን ይተዉታል ብዬ ነበር። የጉልበታቸው ድምፅ ተሰማኝ፣ ከዚያም ማቃሰታቸው፣ እንደገና ጉልበታቸው። አርባ አንድ። እስከ በዓሉ ዋዜማ አንዲት ሳያጎድሉ ሰገዱ፤ ለማን ብለው ይሰግዱ እንደነበር ለመረዳት እኔ ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል።

አዲስ ቀይ ለመሥራት አበባዋ የለችም፣ በዓሉ ደርሷል። ባዶዎቹን በሱቅ እስክርቢቶ ሞሏቸው። በዓሉ ላይ፣ ባዘዘው የገጠር ደብር መጽሐፉ ተነበበ፣ ሕዝቡ እልል አለ፣ ካህናቱ ግን ገጹን ቀርበው አይተውታል። «መሪጌታ የአምላክን ስም በተማሪ እስክርቢቶ ጻፉ» የሚለው ወሬ ከእኛ ቀድሞ ደባርቅ ገባ። ማንም ፊት ለፊት አልወቀሳቸውም፤ በቃ ከዚያ ወዲያ መጽሐፍ የሚያዝ ደብር ጠፋ። ቀዩን ቀንድ አጥበው መደርደሪያ ላይ አፉን ወደ ታች ደፉት። እኔ ከተሸለምኳቸው ዐሥራ ሁለት እርሳሶች ቀዩን አንድም ቀን አልቀረጽኩትም፣ ይህም እንደ ንስሐ ይቆጠርልኛል ብዬ አስብ ነበር፤ የልጅ ንስሐ ርካሽ ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ስርቆቱም ውሸቱም አይደለም። በሚቀጥለው መስከረም አንድ ጠዋት አባቴ በሩ ላይ ቆመው፣ ትዛዝም ሥራም ሳይኖራቸው፣ ዱላቸውን ይዘው «ትርንጎ» አሉኝ። «አበባዋ ፈንድታለች። ነዪ አብረን እንልቀምና ቀዩ እንዴት እንደሚሠራ ላሳይሽ። ለሥዕልሽ ይሆንሻል።» በድምፃቸው ውስጥ ቁጣ ፈለግሁ፣ አጣሁ። አብሬያቸው ብሄድ መንገድ ላይ እናገረው ነበር፤ ለመናገር የተመቸ መንገድ ነው የከፈቱልኝ፣ እኔም ያወቅኩት ገና ሲከፍቱት ነው። «ጥናት አለብኝ፣ አባዬ» አልኳቸው። ትምህርት ቤት ገና አልተከፈተም ነበር። «እንግዲያስ ይሁን» ብለው በሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ራሳቸው ዘግተው ሄዱ። ያረፉት እኔ ኮሌጅ ሳለሁ ነው፤ ሁለተኛ አልጠየቁኝም፣ እኔም አልነገርኳቸውም።

ቄሰ ገበዙ ከሄዱ በኋላ ሁለት ሳምንት ያለኝን ቀለም ሁሉ ሞከርኩ። ከጎንደር የገዛሁት የቱቦ ቀለም ብራናው ላይ እንደ ላስቲክ ይላጣል፣ ዘይታማው ጠመኔ ይቀባባል፣ የውሃ ቀለሙ ወደ ሮዝ ያደላል፣ ማርከሩ ወደ ጀርባው ያልፋል። ደባርቅ ላለችው እናቴ ስልክ ደወልኩና አበባዋ ምን ትባል እንደነበር ጠየቅኋት። «እኔ በምን አውቄ?» አለችኝ። «ከገደል አፋፍ ነው የሚያመጧት። አንቺን ነበር ሊያሳዩሽ የፈለጉ።» ይህን ስትል ምንም አላወቀችም፤ ወይም ሁሉን ታውቃለች፣ ከእናቴ ድምፅ መለየት ችዬ አላውቅም።

ያን ሥዕል አልጣልኩትም ነበር። ሠላሳ ዓመት ግድም በተጠቀለለ ካርቶን ውስጥ ከቤት ቤት አብሮኝ ይዞራል፣ አንድም ግድግዳ ላይ ሰቅዬው አላውቅም። አውጥቼ ዘረጋሁት። ማሰሮው ደብዝዟል፣ የቅሉ ጠመኔ ረግፏል፣ በርበሬው ግን ትናንት የተቀባ ይመስላል፤ ሦስት ሽፋን፣ እንደ ቅርፊት የወፈረ። በሙጫ የተሠራ ቀለም በውሃ እንደሚነቃ ለተማሪዎቼ በየዓመቱ የማስተምረው ነገር ነው። በበዓሉ ዋዜማ ማለዳ ተነሥቼ ታጠብኩ፣ እህል አልቀመስኩም፣ ስልኬን አጠፋሁ። ቀጭን ብሩሽ በጥቂት ውሃ አርጥቤ የበርበሬውን ጫፍ ነካሁት፤ ሽታው መጣ፣ ቀይም ተከትሎት መጣ። ከወረቀቱ እያነሣሁ ከአባቴ በቀረልኝ መቃ ብርዕ ጻፍኩ። መጀመሪያ የሞላሁት የሳሳውን ቦታ ነው፤ ብራናው እንዳይበሳ ትንፋሼን ይዤ። ቀለሙ አልፈሰሰም፣ ቆመ። ሰባት ስሞች ከሞላሁ በኋላ በርበሬው አለቀ። የቀሩት እንደፈዘዙ ናቸው።

ቄሰ ገበዙ ከሰዓት መጥተው ገጹን ገለጡና ጣታቸውን ከስም ወደ ስም አሻገሩ።

«ይህን ቀይ ከየት አገኘሽው?»

ጥያቄው ሳይቀየር ነው የተመለሰው። «ከአባቴ ሰርቄ ነው» አልኳቸው።

ሽማግሌው ሣቁ፣ ዕንባ እስኪያቀርሩ ሣቁ። «እንዲህ ያለውን ሌባ ያብዛልን!» አሉ። «የአባቱን ሙያ የሚሰርቅ ልጅ ጠፍቶ አይደለም ወይ አገሩ ባዶ የቀረ!» እንደዚያ አይደለም፣ አባቴ፣ ልል አፌን ከፈትኩ፤ እሳቸው መጽሐፉን በነጠላቸው ጠቅልለው ተነሥተዋል፣ «የቀረውን ቀለሙ ሲደርስልሽ ትጨርሽዋለሽ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ» እያሉ ወደ መናኸሪያው ሄዱ። የሚደርስ ቀለም እንደሌለ አልነገርኳቸውም።

ሥዕሉን አሁን ግድግዳዬ ላይ ሰቅዬዋለሁ። ቅሉ አለ፣ ማሰሮው አለ፣ ያበቀሉት ድንቾች አሉ፤ በሳህኑ ጠርዝ ላይ በርበሬው የነበረበት ነጭ ቦታ አለ፣ ከሥሩ ደግሞ ያ ሰማያዊ ጥላ ሳይነካ ተኝቷል። እቤቴ የሚመጡ ተማሪዎቼ «ቲቸር፣ ይሄ የምን ጥላ ነው?» ይሉኛል። የአባቴን ቀለም የሰረቅኩበት ነው ብዬ ከመጀመሪያው ጀምሬ እነግራቸዋለሁ፤ መጋረጃው ጋ ስደርስ ፊቴ ዛሬም ይግላል።